የእማማ ማሬ መፈልፈያ

ሰብለወንጌል ይሻው ከኩዌት ስትመለስ ሻንጣዋ ወርቅ ብቻ የያዘ የመሰላቸው ዘመዶች ጥቂት አልነበሩም። የያዘችው ግን ቅያሪ ልብስ፣ አሠሪዎቿ የሰጧት አሮጌ ላፕቶፕና የወገብ ሕመም ነበር። ያም ሆኖ ልጅቱ ሥራ ፈርታ አታውቅም። ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሱቅ ተቀጠረች፤ አልሆነም። ልብስ ስፌት ሞከረች፤ እሱም ከዕለት ጉርስ አላለፈም። «ዳግመኛ ባሕር አልሻገርም» ብላ ምላ ነበርና፣ እዚሁ አገሯ ላይ ራሷን የምትችልበትን መላ ስታወጣ ስታወርድ ትውል ጀመር።

መላውን ያመጣላት ዳኛቸው የሚባል የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ዳኛቸው ቀኑን ሙሉ ካፌ ተቀምጦ ላፕቶፑን የሚነካካ፣ ሥራው ምን እንደሆነ እናቱ እንኳ ለጎረቤት ማስረዳት የሚቸግራቸው ልጅ ነው።

«ቀላል ነው» አላት አንድ ቀን። «ትንሽ ድረ ገጽ ትሠሪያለሽ። ስለ ሁሉም ነገር አታወሪም፤ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የምትጽፊው። ሰው ያን ዕቃ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አንቺ ጋ ይመጣል፣ ያነባል፣ ከታች ያለውን ሊንክ ይነካና አዲስ አበባ ካለው የኦንላይን መደብር ይገዛል። በገዛ ቁጥር መደብሩ ኮሚሽን ይልክልሻል። ዕቃ አታከማቺ፣ አትሸከሚ፣ ሱቅ አትከራዪ።»

«ታዲያ ደላላ ሆንኩ በለኛ!»

«ደላላ ነሽ፤ ግን ገበያ መሐል ቆመሽ አትጮሂም።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራው በራሱ ነውር የለበትም። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ቢያስረዳ፣ ለድካሙም ቢከፈለው ማን ይጠላል? ነውሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። ዳኛቸው የራሱን ድረ ገጽ ሊያሳያት ከፈተው። ጸጉር ስለሚያበቅል ዘይት የሚያወራ ገጽ ነበር። ሰብለወንጌል ገጹን አየች፤ ከዚያም ቀና ብላ የዳኛቸውን በራ አየች።

«አንተ ትቀባዋለህ?»

«እኔ ምን አገባኝ? እኔ የምጽፈው ለሚቀባው ነው» አለና ሁለቱም ሳቁ። አይ ልጅነት! ያን ቀን ቢያስቡበት ኖሮ የሚያስቅ አልነበረም።

ሰብለወንጌል ብዙ አሰበችና የጫጩት መፈልፈያ ማሽን መረጠች። ምርጫዋ ብልህ ነበር። በደቡብ ጎንደር ዶሮ የማያረባ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚያ ማሽን ግን በአማርኛ አጥርቶ የጻፈ ሰው አልነበረም። ችግሩ እሷም ማሽኑን ያየችው በፎቶ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ የውጭ ገጾችን እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰቻቸው።

«በስምሽ እንዳትጽፊ» አላት ዳኛቸው። «ትናንት ከዓረብ አገር የመጣች ልጅ ስለ ዶሮ ብታወራ ማን ያምናታል? ደርበብ ያለች እናት ያስፈልጋታል ይቺ ገጽ።»

እማማ ማሬ የተወለዱት እንዲህ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ፈገግ ያሉ የአንዲት አሮጊት ፎቶ ከኢንተርኔት ወረደና ገጹ አናት ላይ ተቀመጠ። ከሥሩም «እኔ እማማ ማሬ ዕድሜዬን በሙሉ ዶሮ ሳረባ ኖሬያለሁ፤ እንደዚህ ማሽን ያሳረፈኝ ነገር የለም» የሚል ጽሑፍ ገባ። ሰብለወንጌል ስትጽፈው ትንሽ ቅር አላት። ግን ማንን ይጎዳል? አለች ለራሷ።

ከተረጎመችው ሁሉ መሐል ከራሷ የጨመረችው አንድ ምክር ነበር። ማሽኑ ጎንና ጎኑ ላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አሉት። የውጭዎቹ ገጾች ስለ ብርድ አገር ያሉት ነገር ስላልነበረ፣ ደጋ ተወልዳ ያደገችው ሰብለወንጌል የቤቷን ልማድ ጻፈች። እዚያ አገር ብርድ ሲመጣ የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረጋል፣ የበሩ ሥር በጆንያ ይወተፋል፤ ነፋስ የሚገባበት አንዲት ቀዳዳ አትተውም። እሷም «አገራችሁ ደጋ ከሆነ ሙቀቱ እንዳይወጣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ» ብላ አስገባችው። በክፋት አልነበረም። ትክክል መስሏት ነው።

ገጹ ሠራ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከወልድያ፣ ከማታውቃቸው ከተሞች ሁሉ ሰዎች እየገቡ አነበቡ፤ ጥቂቶቹም ገዙ። የመጀመሪያው ኮሚሽን የገባ ቀን ሰብለወንጌል ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን እስክስታ መታች። እሰየው እንበል፤ የለፋችበት ነውና።

በጾሙ መግቢያ አንድ እሑድ አክስቷን ልትጠይቅ ወደ ገሳይ ወጣች። ወይዘሮ ፈንታነሽ የእናቷ ታላቅ እኅት ናቸው። የወላጆቿ መንደር ከትምህርት ቤት ስለሚርቅ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አቅፈው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከኩዌት ስትመለስም «ምን አመጣሽልኝ?» ያላሏት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ገና ከመቀመጧ ጎረቤታቸው የሺ ስልኳን ይዛ ገባች። «ሰብሌ፣ እንኳን መጣሽ! እስቲ ይህን እይልን» አለችና ስልኩን አቀበለቻት። ሰብለወንጌል ስታይ የገዛ ገጿ ነው። እማማ ማሬ ፈገግ ብለው ያዩዋታል።

«የሺ አንብባልኝ ልቤ ተነሣሣ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «የጾሙን እንቁላል ማን ይበላዋል? ገበያ ብናወጣውም የሚገዛ የለ። እና ከማኅበርተኞቼ ጋር ተመካከርን። እነሱ እንቁላላቸውን ሊሰጡኝ፣ እኔ ለፋሲካ ያደለብሁትን ሙክት ሸጬ ማሽኑን ልገዛ፣ ጫጩቱን እኩል ልንካፈል። ግን ልጄ፣ እፈራለሁ። የሰው አደራ ነው። አንቺ የኢንተርኔቱን ነገር ታውቂያለሽና፣ ይቺ ሴትዮ እውነተኛ ናት ወይ? የምትለው ይታመናል?»

ሰብለወንጌል እውነቱን ብትናገር በአክስቷ ፊት መሳቂያ የምትሆን፣ የጀመረችውም ሥራ ገደል የሚገባ መሰላት። ደግሞስ ማሽኑ መጥፎ መሆኑን በምን ታውቃለች? ጥሩም ሊሆን ይችላል።

«ይታመናል፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ብዙ ሰው ገዝቷል።»

«የእኛን ብርድስ ታውቀዋለች?»

«ስለ ደጋም ጽፋለች እኮ። ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «አንቺ ካልሽኝ በቃኝ።»

ወይ ሰብለወንጌል! ለማታውቀው ሰው የጻፈችውን ውሸት፣ አሁን ያሳደጓትን አክስቷን ዐይን ዐይናቸውን እያየች በአፏ ደገመችው።

ማሽኑ መጣ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ክፍል ለቀቁለትና እንደ አራስ ይጠብቁት ጀመር። እንቁላሎቹን ጠዋትና ማታ በእጃቸው ያገላብጣሉ፣ ውኃውን ይሞላሉ። ቀዳዳዎቹን በአሮጌ ነጠላ ጥርቅም አድርገው ወተፏቸው። መብራቱም ብርቅ ሆኖ በዚያ ሰሞን አልጠፋም። አጋማሹ ላይ የሺ በስልኳ መብራት አንዱን እንቁላል ብታየው ውስጡ የሚላወስ ነገር አየች። የማኅበሩ ሴቶች እየመጡ በየተራ አዩ፤ እልልታው ደመቀ።

ሦስተኛው ሳምንት ሞላ። ምንም የለም። ምናልባት ዘግይቶ ይሆናል ብለው ትንሽ ታገሡ። አሁንም ምንም የለም። በመጨረሻ ወይዘሮ ፈንታነሽ አንዱን እንቁላል በቀስታ ሰበሩት። ጫጩቱ ላባ አብቅሎ፣ ምንቃሩን ቀና አድርጎ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ሞቷል። ሌላውን ሰበሩ፤ እንደዚያው ነው። ሁሉም እንደዚያው ነበር።

የሺ ደውላ «ቶሎ ነይ፤ እትዬ ፈንታነሽ እህል አልቀምስ ብለዋል» ስትላት፣ ሰብለወንጌል ባገኘችው መኪና ተሳፍራ በረረች። አክስቷን ያገኘቻቸው ደጃፋቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነው።

«በዓል ሽሬ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በማርያም ቀን፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን፣ በሰንበት፣ ማሽን ስነካካ ከርሜ ፈጣሪ ምን ይበለኝ? ሴቶቹም እንዲያ ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው።»

«የለም! ያችው ሴትዮ ናት ጉድ የሠራችን» አለች የሺ እየተንገበገበች።

«የሺ፣ ተይ! ያችን ሴትዮ እንዳትናገሪብኝ። እሷ የምታውቀውን አካፈለችን። ኃጢአቱ የእኔ ነው። በሚያዝያ ማርያም ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሁሉንም ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ። አደራ የበላ ሰው ጽዋውን በምን እጁ ይቀበላል?»

ማኅበር መውጣት ለአንዳንዱ ሰው ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ለወይዘሮ ፈንታነሽ ግን የታመሙ ዕለት የሚጠይቃቸው፣ የሞቱ ዕለት የሚቀብራቸው፣ በደስታ ቀን አብሯቸው የሚዘፍነው ያ ማኅበር ነው። እናም ያን ሁሉ ሊተዉ የተነሡት ባልሠሩት ኃጢአት ነው። ሰብለወንጌል እውነቱን ልትናገር አጠገባቸው ቁጭ አለች። ግን ሳትናገር ተመለሰች። እኔ በበኩሌ ከሁሉም በላይ ያዘንኩባት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ላፕቶፗን ከፈተችና ዕቃውን ልትሸጥ ስትነሣ ማድረግ የነበረባትን ነገር አደረገች። የማሽኑን ፋብሪካ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። እንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት ይተነፍሳል ይላል መመሪያው። ከፍታ ያለው አገር አየሩ ስለሚሳሳ፣ እዚያ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወለል ብለው መከፈት አለባቸው፤ ውኃውም ይጨመራል። ሰብለወንጌል ያን ጊዜ ገባት። እነዚያን ሁሉ ጫጩቶች ያፈነቻቸው እሷ ናት።

ሮጣ ዳኛቸው ጋ ሄደች። ዳኛቸው ሰምቶ ሲያበቃ ላፕቶፑን እንኳ አልዘጋም።

«ምክሯን አጥፊያትና በትክክለኛው ተኪያት። ማን ያውቅብሻል? ደግሞ አስገድደሽ አልሸጥሽላቸውም። ሰው ሲገዛ ራሱ ያጣራ።»

«አጣርተዋል እኮ!» አለች ሰብለወንጌል ዕንባዋ እየመጣ። «እኔን ጠየቁኝ። ከዚህ በላይ እንዴት ያጣሩ?»

«እና ምን ልታደርጊ ነው? ገጿ እኮ እያበላችሽ ነው፤ ልትዘጊያት ነው?»

«አክስቴ ባልሠሩት ኃጢአት ስማቸው ጠፍቶ፣ እኔ በሌለች ሴት ስም እንጀራ አልበላም!»

ዳኛቸው «እብድ» ብሏት ወደ ሥራው ዞረ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው ብሎ ራሱን አሳምኗል፤ ብዙዎቻችንም በየሥራችን እንደዚያው ነን።

በሚያዝያ ማርያም ማኅበሩ ገሳይ፣ የሺ ቤት ተሰበሰበ። የማኅበሩ ንስሐ አባት ቄስ መልካሙ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። «እናንተ ማኅበርተኞቼ» ብለው ሲጀምሩ በሩ ጥግ ቆማ የነበረችው ሰብለወንጌል ወደ መሐል ገባች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ። መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።» «እማማ ማሬ የምትባል ሴት የለችም። ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶውም የሌላ ሰው ነው። ያን ማሽን እናንተ እስክትገዙት ድረስ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ቀዳዳውን ድፈኑ ያልኩት ከራሴ ነው፤ ጫጩቶቹ የሞቱት አየር አጥተው ነው። አክስቴ በዓል አልሻሩም። የበደልኳችሁ እኔ ነኝ።»

ከዚያ አንዷ «ምን ትላለች ይቺ?» አለች፤ ሌላዋ «የማርያም ያለህ!» አለች፤ አንዳንዶቹም ተቆጡ። ቢቆጡ አይፈረድባቸውም፤ የልጆቻቸው ልብስ መግዣ የሚሆን ነገር ነበር የሞተው።

ቄስ መልካሙ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ወሬውን ሰምቼ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ሰንበት ነው ብላችሁ ላሟን ሳታጠጡ ታውላላችሁ? ነፍስ ያለውን መንከባከብ በዓል መሻር አይደለም። ፈንታነሽ፣ ተቀመጪ። ከማኅበሩ የምትወጪበት ምክንያት የለም።» ጽዋውንም ቀድመው ለእሳቸው ሰጧቸው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ጽዋውን ተቀበሉ። የእኅታቸውን ልጅ ግን አላዩዋትም። ማኅበሩ ከተበተነ በኋላ ነው ግቢው ውስጥ የጠሯት።

«ስጠይቅሽ ዐይንሽን እያየሁሽ ነበር» አሏት።

«አዎ፣ እትዬ።»

«‹አላውቅም› ማለት ያን ያህል ይከብድ ነበር? አላውቅም ብትዪኝ፣ አብረን በጥቂት እንቁላል እንሞክረው ነበር። ቢሞትም የሁለታችን ነው። አሁን ግን የቆጨኝ ጫጩቱም ሙክቱም አይደለም። ‹አንቺ ካልሽኝ በቃኝ› ማለቴ ነው የቆጨኝ።»

ሰብለወንጌል እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። እሳቸውም «ተነሺ፤ ይቅር ብያለሁ» አሏት። አሉ እንጂ ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም። በይቅርታ ማግስት እምነት ወዲያው አይመለስም፤ ይህን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

ሰብለወንጌል በዚያው ሳምንት የእማማ ማሬን ፎቶ አወረደች። የራሷን ፎቶ ለጠፈችና የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ጻፈች፤ መደብሩም ቀደም ብለው ለገዙት ሁሉ ማስጠንቀቂያ እንዲልክላት ለምና አስላከች። ማሽኑን ከአክስቷ ተውሳ ክፍሏ ውስጥ ተከለችው። ቀዳዳዎቹን ከፍታ፣ ውኃውን ጨምራ ሞከረች። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ ተፈለፈለ፣ ግማሹ ከሸፈ፤ ሁለቱንም ከነፎቶው አወጣችው። ሁለተኛው ዙር ተሻለ። የወጡትን ጫጩቶች እየወሰደች ለማኅበሩ ሴቶች በየቤታቸው አደለች። ገጿ ላይም ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ «ይህን ዕቃ በእጄ ሞክሬዋለሁ፤ በዚህ ሊንክ ስትገዙ ኮሚሽን ይከፈለኛል» ብላ ጻፈች፤ ስልክ ቁጥሯንም አኖረች። ገዢው በመጀመሪያ ቀነሰ። እያደር ግን ሰዉ ከመግዛቱ በፊት ይደውልላት ጀመር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ነገሩ ስለ ጫጩት ማሽን ብቻ አይደለም። ዛሬ ከመካከላችን ስንቱ ነው ስልኩን ከፍቶ ያልቀመሰውን መድኃኒት የሚያወድስ፣ ያልረገጠውን ቦታ «ድንቅ ነው» የሚል፣ ያላየውን ዕቃ «እኔ ሞክሬዋለሁ» ብሎ የሚምል? የሚያነበን ሰው ፊቱ ስለማይታየን ሰው መሆኑን እንረሳለን። ያ ሰው ግን በጉን ሸጦ፣ የጎረቤት አደራ ተቀብሎ፣ ቃላችንን አምኖ ይሆናል። በዚህ መንገድ እንጀራ መብላት ይቻላል፣ የተከበረ ሥራም ነው። ብቻ የምታወድሱትን ዕቃ በእጃችሁ ያዙት፣ ከነእንከኑ ተናገሩ፣ ጥቅማችሁን አትደብቁ፣ የማታውቁትን ስትጠየቁ አላውቅም በሉ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ወርደው ሰብለወንጌል ክፍል ጎራ ብለው ሻይ ይጠጡ ነበር። እንደ እንግዳ ዳር ላይ ነው የተቀመጡት። ስልኳ ጮኸ። የደወሉት ነፋስ መውጫ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ ማሽኑን ሊገዙ ፈልገዋል።

«መብራት እንዴት ነው እናንተ ጋ?» አለች ሰብለወንጌል።

«ኧረ እሱ ተይው፤ ሲጠፋ ውሎ ያድራል!»

«እንግዲያው አሁን አይግዙ፣ እናቴ። መብራት እንደዚያ ከጠፋ እንቁላሉ ይበላሽብዎታል።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «አንቺ የምትሸጪ አይደለሽም እንዴ?»

«እሸጣለሁ እንጂ። እርስዎ ቢገዙ እኔ አገኛለሁ። ግን አይሆንልዎትም።»

ሴትዮዋ «አንቺን ደግሞ በምን ልመንሽ? ሌላው ሁሉ ይሠራል ነው የሚለኝ» አሉ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልኩን ወዲህ በዪው» አሉ። ጆሯቸው ላይ አደረጉትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንደምን ዋሉ፣ እኅቴ? እኔ ፈንታነሽ እባላለሁ፣ ገሳይ ነኝ። የዚች ልጅ አክስት ነኝ። አንድ ጊዜ ዋሽታኝ ጫጩቶቼ አልቀውብኛል። አሁን ያለችዎትን ግን ይመኗት» አሏቸው።